ልጃችን በየትኛው ቋንቋ ይማር? ከአካባቢው ማኅበረሰብ ውጭ ለሆኑ ቤተሰቦች የአማራጮች ንጽጽር

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ጅማ ተመድቦ ስንኖር እኔን ያስገባኝ በአማርኛ ወደሚያስተምር ክፍል ነው። ስምንት ዓመት በዚያ ከተማ ኖሬ ያወቅሁት አፋን ኦሮሞ ከገበያ አያልፍም ነበር፤ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ እከራከራለሁ፣ አመሰግናለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ አብሮኝ ኳስ የሚጫወት የጎረቤታችን ልጅ ሞተ። ለቅሶ ቤት ገብቼ እናቱ ፊት ቆምኩ። በአማርኛ ባጽናናቸው አይሰሙኝም፣ በእሳቸው ቋንቋ ደግሞ አንዲት ቃል የለኝም። ጉልበታቸውን ስሜ ዝም ብዬ ወጣሁ። "ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ" ማለት እንደነበረብኝ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ ማለት ነው።

ዛሬ የምኖረው አዳማ ነው። ልጄ ለትምህርት ስትደርስ አባቴ የገጠመው ምርጫ እኔም ፊት መጣ። ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ ጅግጅጋ፣ እንጅባራ ወይም አሶሳ ለሥራ ሄዶ የቀረ ሰው ሁሉ ይህን ምርጫ ያውቀዋል። አብዛኛው ወላጅ የሚወስነው በሰፈር ወሬ ወይም በፍርሃት ስለሆነ፣ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የማስበውን ልናገር።

መጀመሪያ የክልላችሁን ሥርዓት እወቁ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ ይወስናሉ። ከዚያ በፊት የወጣው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ በሩን ከፍቷል። አፈጻጸሙ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ኦሮሚያ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በዚያው ይዘልቃል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ብዙ ዞኖች እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተምረው ከ5ኛ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር። አዲስ አበባ በአማርኛ የሚማረው ልጅ 7ኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። አማራ ክልል ውስጥም አዊኛ፣ ኽምጣንኛና አፋን ኦሮሞ የማስተማሪያ ቋንቋ የሆኑባቸው አካባቢዎች አሉ።

ከዚህ አንድ የሚያረጋጋ ነገር ይገኛል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይገናኛል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ዩኒቨርሲቲውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ "በአካባቢው ቋንቋ ከተማረች ወደፊቷ ይበላሻል" የሚለው ስጋት ከመጠን በላይ የተጋነነ ነው። አማርኛ ክፍል የተማረውም ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ እኩል ይደነግጣል።

አንደኛው አማራጭ፦ ሙሉ ትምህርቱን በአካባቢው ቋንቋ

ስለዚህ አማራጭ በመጀመሪያ መነገር ያለበት እውነት አለ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ይሻላል የሚባለው ልጁ የሚያስብበትን ቋንቋ ይዞ ስለሚገባ ነው። የእኛ ልጅ ግን ያን ቋንቋ ይዛ አትገባም። ለክፍል ጓደኞቿ እፎይታ የሆነው ነገር ለእሷ ሸክም ነው። ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ጨዋታውንም ገና በምትማረው ቋንቋ ትቀበላለች። ይህን ሳያውቁ ልጅ ማስገባት ልጅን መበደል ነው።

ይህን ሸክም በዚህ አገር ብዙ ሚሊዮን ልጆች ተሸክመውታል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ዓመታት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ነበር። ደርግ በ1971 በጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዋቂዎችን በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጥሯል፤ መደበኛው ትምህርት ቤት ግን በአማርኛ እንደቀጠለ ነበር። የወላይታ፣ የሲዳማ፣ የኦሮሞ ልጅ መምህሩ የሚለው ሳይገባው ወራት ተቀምጧል። ልዩነቱ ለእነዚያ ልጆች ወላጆች ምርጫ የሰጣቸው አለመኖሩ ነው። ይህን ማሰብ በልጄ ክፍል ውስጥ ያለውን የቋንቋ ኩራት በሌላ ዓይን እንዳይ ረድቶኛል።

እኛ የመረጥነው ይህን ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከባድ ነበር። ልጄ ከአራት ወር በላይ ክፍል ውስጥ አልተናገረችም፤ ቤት ስትመጣ ግን አሻንጉሊቶቿን ደርድራ በአፋን ኦሮሞ ትቆጣቸው ነበር። ዝምታው የመማሪያ ጊዜ ነው፣ አትጨነቁ ያሉን መምህርቷ ናቸው፤ ልክ ነበሩ።

ፊደሉ የራሱ ታሪክ አለው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛም በላቲን ይጻፋሉ፤ ትግርኛ፣ አዊኛ፣ ኽምጣንኛና ስልጥኛ ደግሞ በግዕዝ ፊደል። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት የእንግሊዝኛ ፊደል ቆጥራ ስለነበር ቁቤ ይቀላታል ብለን ነበር። አንድ ቀን ደብተሯ ላይ ጤፍ ተሥሎ ሥሩ "ጣፊ" ተብሎ ተጽፏል። ልጄ የመጀመሪያዋን ፊደል እያየች "ኤክስ" ትላለች፤ በቁቤ ግን ያቺ ፊደል "ጥ" ናት። እንግሊዝኛው "ሲ" የሚላት ደግሞ "ጭ" ናት። አንድ ሳምንት ሙሉ "ጣፊ"ን "ክሳፊ" እያለች ተቀመጠች።

የሚከብደው ግን አናባቢው ነው። አፋን ኦሮሞ አጭርና ረዥም አናባቢን ይለያል፣ ቁቤም ረዥሙን ፊደሉን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። በአፋን ኦሮሞ "መሬት" ማለት የሆነውና "ለስላሳ" ማለት የሆነው ቃል የሚለያዩት በአናባቢዎቹ ርዝመት ብቻ ነው። የአማርኛ ጆሮ ይህን ልዩነት ስላልለመደው ልጄ ሁለቱንም እኩል ትጽፋቸው ነበር። በሌላ በኩል የተናባቢ መጥበቅና መላላት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ "ገና" ስንል በዓሉን ይሁን "ገና ነው" የሚለውን በጆሯችን እንለያለን፣ በጽሑፍ አናሳየውም እንጂ። ቁቤ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ልጄ ይህን ከጓደኞቿ እኩል ያዘች። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ የት እንደሚደናቀፍና የት እንደሚፈጥን አስቀድሞ ማወቅ ለወላጅ ትልቅ እገዛ ነው።

ልትጠነቀቁለት የሚገባ አደጋም አለ፤ እኔ የምሕረት ማርክ እለዋለሁ። ልጄ መጀመሪያ የገባችበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር የመጻፍ ፈተናዋን ግማሹን ባዶ ትታ ሳለ ከመቶ 72 ሰጥተዋታል። ስጠይቃቸው "እንግዳ ናት፣ አይዟት ብዬ ነው" አሉኝ። ደግነታቸው ገብቶኛል፤ ግን ያ ማርክ ልጄን ከትምህርቱ ውጭ አድርጓት ነበር። ከእሷ ምንም የሚጠብቅ ሰው ባይኖር ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ታልፍ ነበር። እኩል አስተምሯት፣ እኩል ጣሏት አልኳቸው። በሚቀጥለው ፈተና 41 አመጣች፣ ከዚያ በኋላ ነው ማጥናት የጀመረችው።

የማኅበረሰቡም ወገን አለ፤ ብዙ ወላጅ ይህን አያስበውም። አንድ ክፍል ውስጥ ከውጭ የመጡ ልጆች ሲበዙና መምህሩ እነሱ እንዲገባቸው ወደ አማርኛ ሲዞር፣ ክፍሉ የተከፈተላቸው ልጆች የራሳቸውን ክፍል ያጣሉ። በትልልቆቹ ቋንቋዎች ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ተናጋሪው ጥቂት በሆነ ቋንቋ፣ ለምሳሌ ሐረሪን በመሰለ፣ የአንድ ክፍል ቋንቋ መዞር ብዙ ነገር ያናጋል። አርጎባን አስቡ፤ አብዛኛው ማኅበረሰብ ዛሬ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ይናገራል። ስለዚህ ልጃችሁን በዚህ አማራጭ ካስገባችሁ፣ መምህሩ ስለ እናንተ ልጅ ሲል ቋንቋ እንዳይቀይር ራሳችሁ ጠይቁ። ማገዙ በቤትና በማስጠኛ ይሁን።

ይህ አማራጭ የሚስማማው በቦታው ቢያንስ አምስት ስድስት ዓመት ለመኖር ላሰበ፣ ልጁን ከአንደኛ ክፍል ወይም ከዚያ በፊት ለሚያስገባ፣ ቤት ውስጥም አማርኛ ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ጊዜ ላለው ቤተሰብ ነው። ልጁ 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ደርሶ ከሆነ ደፍሬ "አስገቡት" አልልም፤ በዚያ ዕድሜ የትምህርቱ ይዘት ስለሚከብድ ቋንቋውን እስኪይዝ ዓመት ይባክናል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ የአማርኛ ክፍል

አዳማና ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ወይም ክፍሎች አሉ፤ የአካባቢው ቋንቋ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ ዝውውር ለሚጠብቅ ሠራተኛ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። መሸኛ ይዞ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢሄድ ልጁ ካቆመበት ይቀጥላል። ልጁ ማንበብ ገና ካልጠናም፣ መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ ቢጠና ሌላውን ለመጨመር ይቀለዋል።

ጉዳቱን ግን በራሴ አይቻለሁ። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ አፋን ኦሮሞ ነበረን። ለፈተና ሸምድደን በማግስቱ እንረሳዋለን፤ ከመምህሩ በቀር ቋንቋውን የሚናገረን የለም፣ በእረፍት ሰዓትም የአማርኛ ክፍል ልጆች ለብቻችን ነበርን። ስምንት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ከተማ ሆነን አደግን። ኋላ በክልሉ ሥራ ስፈልግ ቋንቋውን መጻፍ ባለመቻሌ ያለፉኝ ቦታዎች አሉ፤ ይህን የማነሳው የክልሉን መሥሪያ ቤቶች ለመውቀስ አይደለም። ገበሬው በቋንቋው ሊስተናገድ ይገባዋል፣ የማያውቀው እኔ ነበርኩ።

እዚያው ተወልዶ እዚያው ለሚኖር ልጅ የአማርኛ ክፍልን ብቻ መስጠት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከአራቱ አማራጮች ደካማው ነው። ከመረጣችሁት አራተኛውን አማራጭ የግድ ጨምሩበት።

ሦስተኛው አማራጭ፦ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት

ገንዘብ ያለው ብዙ ሰው የቋንቋውን ጥያቄ የሚያመልጥበት በር ይህ ነው። እንግሊዝኛው ጠንካራ ከሆነ 9ኛ ክፍል ላይ ይጠቅማል፣ ከተማ ቀይሮ ለሚሄድም ይመቻል። ነገር ግን የአካባቢው ቋንቋ ብዙ ጊዜ በመርሐ ግብሩ ላይ ተጽፎ ለይስሙላ የሚሰጥ ይሆናል፤ አማርኛውም እንደዚያው። ሦስት ቋንቋ ሰምቶ አንዱንም አጥርቶ የማይጽፍ ልጅ የማውቀው ከዚህ ነው። ስትመርጡ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያስተምረው ሰው ቋሚ መምህር ነው ወይስ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ፣ ይህን ጠይቁ።

አራተኛው አማራጭ፦ ከትምህርት ቤት ውጭ

ጎረቤት፣ ማስጠኛ፣ የልጆች ጨዋታ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት። ብቻውን ማንበብና መጻፍ አያስተምርም፤ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጋር ሲጣመር ግን ክፍል ውስጥ የማይገኘውን ይሰጣል። ልጄ "አኮ" የምትላቸው፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ጎረቤታችን አሮጊት በሦስት ወር ያስተማሯት ተረት በሁለት ዓመት ካነበበችው ይበልጣል። የአስጠኚ ምርጫ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ አያስጠናም። ፊደሉን በትምህርት ቤት የተማረ የኮሌጅ ተማሪ፣ የቃል ችሎታው ቢበልጥም መጻፍ ካልተማረ ትልቅ ሰው ለልጅ የቤት ሥራ ይሻላል። ለጨዋታና ለተረት ግን ተቃራኒው ነው።

የማንነት ጥያቄው

ወላጆች ጮክ ብለው የማያነሱት፣ ከማርክም ከዝውውርም በላይ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው፦ ልጄ በሌላ ብሔር ቋንቋ ስትማር ማን ትሆናለች? ሁለተኛ ክፍል ሳለች የእኔዋ ጠየቀችኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ገዳ ሥርዓት ተምረው መጡና "እኔም ኦሮሞ ነኝ?" አለች። የምመልሰው ቸግሮኝ ለአንድ ቀን ዝም አልኩ።

ያገኘሁትን መልስ ላካፍላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 "ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ" የሚለውን ሲተረጉም የሚግባቡበትን ቋንቋ ከመለያዎቹ አንዱ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የጋራ ባህልን ወይም ተመሳሳይ ልምድን፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ሕልውና አለን ብሎ ማመንን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድርንም አብሮ ይቆጥራል። ቋንቋ ብቻውን ሰውን ከአንድ ብሔር አውጥቶ ሌላ ውስጥ አያስገባም። ኦሮሞዎች ራሳቸው ለዚህ የቆየ ሥርዓት አላቸው። አማርኛችን "ጉዲፈቻ" የሚለውን ቃል የወሰደው ከእነሱ ነው፤ ከውጭ የመጣን ሰው ወይም ወገን የጎሳ አባል አድርጎ የሚቀበለው ሥርዓት ደግሞ "ሞጋሳ" ይባላል። ሞጋሳን የሚሰጠው ማኅበረሰቡ ነው፤ የመጣው ሰው በራሱ "ሆኛለሁ" አይልም። ስለዚህ ለልጄ እንዲህ አልኳት፦ "ቋንቋቸውን አንቺ መማር ትችያለሽ። ከእኛ ናት ማለት ግን የእነሱ ነው። የአባትሽና የእኔ ወገንም የትም አይሄድም።" ማታ ለአኮ ይህንኑ ስትነግራቸው "ኢንታላ ኮ" ብለው ሳሟት፤ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን አላነሳችውም።

ከዚህ በመነሳት ለወላጆች የምለው ጥቂት ነው። ልጃችሁ ቋንቋውን ስለቻለች የማኅበረሰቡን ጉዳይ ወክላ እንድትናገር አታድርጉ፤ በበዓል መድረክ ላይ "ይህቺ እንኳ ትችላለች" እየተባለች የአካባቢው ልጆች ማሳፈሪያ እንድትሆንም አትፍቀዱ። የቋንቋውን ስም ባለቤቶቹ በሚጠሩት ጥሩ። "ይሄና ያኛው አንድ ነው" አትበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ናቸው ተብሎ "ወጋጎዳ" በሚል አንድ ላይ የተቀየጠ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ወላይታ ውስጥ ሕዝቡ ተቃውሞ ወጣ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ከውጭ ላለ ሰው ጥቃቅን የሚመስለው ልዩነት ለባለቤቱ የክብር ጉዳይ ነው።

የራሳችሁን ቋንቋም አትተዉ። እኛ ቤት ማታ ሃያ ደቂቃ አማርኛ ይነበባል፤ ልጄ ሀ ሁ የቆጠረችው በዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአያቷ ደብዳቤ ትጽፋለች። ይህን ሥራ ትምህርት ቤቱ እንዲሠራላችሁ አትጠብቁ።

ምዝገባ ከመሄዳችሁ በፊት

ትምህርት ቤቱን አንድ ጊዜ በሥራ ቀን ጎብኙ። ርዕሰ መምህሩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከውጭ የመጣ ልጅ ባለፉት ዓመታት አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ ሲቸገር ማን ነው የሚያግዘው፣ በየትኛው ሰዓት? የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ላይ ካልያዘ ክፍል መቀየር ይቻላል ወይ? መልሱ "ችግር የለም፣ ይለምዳሉ" ብቻ ከሆነ ሌላ ትምህርት ቤት እዩ።

ከዚያ እረፍት እስኪደወል ጠብቁና ግቢው ውስጥ ቁሙ። የአማርኛውና የአካባቢው ቋንቋ ክፍል ልጆች አንድ ኳስ ያሳድዳሉ ወይስ በሁለት ጥግ ናቸው? አንድ ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ማን ሮጦ ያነሳዋል፣ በምን ቋንቋ? እኛ አዳማ ውስጥ አራት ትምህርት ቤት አይተን የመረጥነው በዚህ ነው።